ቁጥሯ ስንት ነው?

ታብሌታችን ሎጎ ላይ ቆማ አራት ወር ከረመች። "ሎጎ ላይ ቆመች" የሚሉት የሞባይል ጠጋኞች ናቸው። ትበራለች፤ የአምራቿን ስም በደማቁ ታሳያለች፤ ትጠፋለች፤ ደግሞ ትበራለች፤ ያንኑ ስም ታሳያለች። ስብሰባ ሲመራ "በቅድሚያ እንኳን ደህና መጣችሁ" ካለ በኋላ ወደ አጀንዳው መግባት አቅቶት መልሶ "በቅድሚያ" የሚል ሰው አይታችሁ ካወቃችሁ፣ እሷን አይታችኋል። የአምራቿን ስም ግን አልጠራም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስድስት ዓመቷ ልጄ "አባዬ፣ ቦታ የለኝም ትላለች" ብላ ታብሌቷን ይዛ መጣች። ቦታ ላስለቅቅ ገባሁ። ከእንዲህ ያሉት ርካሽ ታብሌቶች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የጓዳቸው በር አይቆለፍም፤ እንግዳው ገብቶ የፈለገውን መሰረዝ ይችላል። እኔም ጓዳ ለጓዳ ስዞር "ሲስተም" የሚል ፎልደር አገኘሁ። ሰፊ ቦታ ይዞ ተንሰራፍቷል። እኛ ቤት ሲስተም ኖሮ አያውቅም። አጠፋሁት።

ጅማ ውስጥ ዕቃ ሲታመም ሐኪሙ ብዙ ነው። አንዱ ጎረቤቴ ሩዝ ውስጥ ቅበራት አለኝ። "እሱ እኮ ውሃ ሲነካት ነው" ብለው "ለሁሉም ነው" አለኝ። አከራያችን ደግሞ ጀንፈል ቡና ካሰጡበት አልጋ ላይ ጥግ ሰጡኝና ሦስት ቀን ፀሐይ እንድትመታ አዘዙ። አልፈርድባቸውም። ዝናብ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር በማይለቀው አገር፣ ሰውም ዕቃም ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርጥበት ነው። በሦስተኛው ቀን አነሳኋት። ደርቃለች፤ የቡና ሽታም ይዛለች፤ ሎጎው ላይ ግን እንደቆመች ናት።

በአባ ጅፋር ዘመን የሲራራ ነጋዴ በቅሎውን ወደሚያሳርፍበት ወደ ሂርማታ ገበያ ወሰድኳት። ጠጋኙ ወጣት ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ በወጣች ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ታብሌቷን ለሦስት ሰከንድ ያህል አያትና "ሶፍትዌር ነው" አለ።

በእናቴ ጊዜ ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ሁሉ ምች ነበር። ራስ ቢያም ምች፣ ከንፈር ቢቆስል ምች፣ ልጅ ትምህርት ቤት አልሄድም ቢልም ምች። ዳማከሴ ይታሻል፣ ይጠጣል፣ ያልፋል። ዛሬ የምች ወንበር ላይ ሶፍትዌር ተቀምጧል። ስልክ ቢሞቅ ሶፍትዌር፣ ድምፅ ቢጠፋ ሶፍትዌር፣ ባንክ ሄደህ ገንዘብህ ባይወጣ ሶፍትዌር። ዳማከሴው ፍላሽ ይባላል። "ፍላሽ ትደረግ" አለኝ ወጣቱ፤ "ችግሩ ፋይሏ የለኝም። ካገኘሁላት ደግሞ ሒሳቡ…" ሒሳቡን ሲነግረኝ ታብሌቷ ከተገዛችበት ዋጋ ብዙም አልራቀም። ስለዚህ ራሴ ላደርገው ወሰንኩ። የቤታችን ጥፋቶች ሁሉ የሚጀምሩት በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ጉዳዩን አስረዳኝ። ኮምፒውተር ሲበላሽ አንድ ዊንዶውስ ይዘህ ለአስሩም ትጭናለህ። ታብሌት እንዲያ አይደለችም። የእሷ ፋይል ፈርምዌር ይባላል፤ ውስጡ አንድሮይዱ ብቻ ሳይሆን ስክሪኗን፣ ንክኪዋን፣ ዋይፋይዋን የሚያናግራቸው ሁሉ አብሮ ተጠቅልሏል። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ታብሌቶች መልካቸው እንደ መንታ ሆኖ ሆዳቸው የማይተዋወቅበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ ካስረዳኝ በኋላ ገለበጥ አድርጎ አያትና "ኪው 88 ናት" አለ። ኪው 88 ኦልዊነር ኤ13 በሚባለው ቺፕ ላይ የተሠራ፣ ብዙ ፋብሪካዎች ቅርፊቱን እየቀያየሩ የሸጡት ባለሰባት ኢንች ቦርድ ነው። በምን እንዳወቀ ስጠይቀው "በመልኳ" አለኝ። መልክ አያሳይም ያለኝ ራሱ መሆኑን ሁለታችንም ልብ አላልንም።

ፋይሉን በሌሊት ጥቅል አወረድነው። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጥቅሉ አለቀ፤ በማግስቱ ሌሊት እንደገና ሀ ብለን ጀመርን። የመጫኛው ፕሮግራም ስም ፊኒክስሱት ነው፤ ፊኒክስ እንግዲህ ተቃጥላ ከአመዷ የምትነሳው የተረት ወፍ መሆኗ ነው። ቻይናዎቹ ይህን ስም ሲያወጡ ደንበኞቻቸውን በደንብ አውቀዋል። አሠራሩ ጸሎት ይመስላል። የድምፁን ቁልፍ ተጭነህ ትይዛለህ፤ ሳትለቅ ኬብሉን ትሰካለህ፤ ሳትለቅ ማብሪያውን አሥር ጊዜ ያህል ነካ ነካ ታደርጋለህ። ባለቤቴ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። በስምንተኛው ኮምፒውተሩ "ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?" ብሎ ጠየቀ። ያለው ነገር ልጄ የራሷን አፍንጫ ከቅርብ ያነሳቻቸው ሦስት መቶ ፎቶዎች ናቸው። ቀጥል አልኩት።

62 በመቶ ላይ መብራት ሄደ።

ሰፈሩ በአንድ አፍ "ኤጭ!" ሲል እኔ ብቻ ዝም አልኩ። ሶፍትዌር ሲጫን ኬብል አይነቀልም ተብዬ ተመክሬያለሁ፤ መብራቱን ግን ማን ይምከረው። አሁን ታብሌቷ አሮጌውንም አጥታለች፣ አዲሱም አልሞላላት። የእህቴ ልጅ ግን በጨለማው ውስጥ ሳቀ። "አብሽር፣ ይሄ አይገድላትም" አለኝ። ለካስ ቺፑ ውስጥ ፋብሪካ ላይ የተቀረጸች፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ቢመጣ እንኳ የማይሰርዛት፣ ቡት ሮም የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ማህደሩ ባዶ ሆኖ ካገኘችው ወይም ያ ቁልፍ ተይዞ ኬብል ከተሰካባት፣ "ምን ልጫን?" ብላ ኮምፒውተሩን መጠበቅ ነው ሥራዋ። ያቺ እስካለች ድረስ አሥር ጊዜ ብትሳሳት አሥር ጊዜ ትጀምራለህ። ሲስተምን ስሰርዝ እሷን ያላገኘኋት ፈልጌ አይደለም ማለት ነው፤ በሩ ስለሌላት ነው።

መብራቱ መጣ፤ ጀመርን፤ መቶ ሞላ። ታብሌቷ ተነሳች፣ እልል ተባለ። በቻይንኛ ሰላምታ ሰጠችን። እሱስ ምንም አልነበረም፤ ቋንቋ ለመቀየር ቀኙን ጥግ ስነካ የግራው ጥግ ተከፈተ። ግራውን ነካሁ፣ ቀኙ ተከፈተ። መስታወት ፊት ቆሞ ከረባት እንደማሰር ነው። ዋይፋይ የሚባል ነገርማ ጭራሹን የለም። የመንታ እህቷን ልብስ አልብሰናት ነው፤ ኮቱ ገባ፣ እጅጌው ዞረ።

ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሞክራ ተወችው። ልጄ ግን ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። መክፈት የምትፈልገውን በዓይኗ እያየች ትይዩውን በጣቷ ትነካለች። ይህን ሳይ ትዝ ያለኝ የወንጪ ልጆች ናቸው። ወንጪ በእኛው የጅማ መንገድ፣ ከወሊሶ ገባ ብሎ ነው። በፈረንጆቹ 2012 "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" የተባለው ድርጅት ለወንጪና ለወለንጪቲ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት፣ የሞቶሮላ ታብሌቶችን ካርቶኑ እንደታሸገ ያለ አስተማሪ ሰጠ። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተረከው አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። ካሜራው እንዳይሠራ ተዘግቶ ነበር፤ አምስት ወር ሳይሞላ ልጆቹ የተዘጋውን ከፍተው ፎቶ ያነሱ ጀመር። ዓለም ተደነቀ። እኔም ተደነቅኩ፤ በሌላ ምክንያት። እነዚያ ልጆች ያን ሁሉ ሲነካኩ "ሲስተም" የሚለውን አላጠፉትም።

ታብሌቷን እንዲሁ ልተዋት አስቤ ነበር። ጥር ላይ ወደ አጋሮ፣ የባለቤቴ አጎት ሐጂ ዘንድ ስንሄድ ልጄ ይዛት ተሳፈረች። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የለቀማው ወከባ አልፏል። ሐጂን ያገኘናቸው ማሳቸው ውስጥ መጋዝ ይዘው ነው። ያረጀ የቡና ዛፍ ከመሬት አንድ ክንድ በማይሞላ ከፍታ ሰያፍ አድርገው ይቆርጣሉ፤ ሰያፍ የሚሆነው ዝናቡ ቁስሉ ላይ እንዳይቆም ነው። ጉንደላ ይባላል። ከተማ ለኖረ ሰው ግን አንጀት ይበላል፤ የአባት የአያት ዛፍ ጉቶ ሆኖ ሲቀር።

"ሐጂ፣ አያሳዝንዎትም?" አልኳቸው።

"ቅርንጫፉ ነው ያረጀው፤ ሥሩ ምን ሆነ? ያቆጠቁጣል። ሁለቱን ሦስቱን ጠንካራ እተውና ሌላውን እገነጥላለሁ። በሁለት በሦስት ዓመት ትለቅማለህ።"

የእህቴ ልጅ በጨለማ ያስረዳኝን ሐጂ በቀን ብርሃን፣ በመጋዝ አሳዩኝ። የቡናው ቡት ሮም አፈር ውስጥ ነው። ደስ ብሎኝ ታብሌቷን አወጣሁና ታሪኳን ከነመብራቱ ነገርኳቸው። እስኪያልቅ ሰሙኝና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"ቁጥሯ ስንት ነው?"

"ሰባት ኢንች ናት።"

"ቁመቷን አልጠየቅኩህም። ቁጥሯን ነው።"

ከዚያ እጄን ይዘው በዛፎቹ መሀል ወሰዱኝ። "ይሄ 74110 ነው። ያ 74112 ነው። ያ ረጅሙ ደግሞ አያቴ የተከሉት ነው፤ ቁጥር የለውም።" እኔ ሁሉም ቡና መሰለኝ። እሳቸው የሞባይል ጠጋኝ ሞዴል እንደሚያነበው ያነባሉ።

ይህ ቁጥር ጨዋታ አይደለም። በፈረንጆቹ 1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባና እሸቱን ገና በአረንጓዴነቱ እያጠቆረ ያራግፈው ጀመር። ባለሙያዎች በታመመ ቡና መሀል ሳይታመም የቆመ ዛፍ ፍለጋ ወጡ። በ1974 በኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከሚባል ስፍራ የተመረጡት ዛፎች ዛሬም ቁጥራቸውን ይዘው ይኖራሉ፦ 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74158፣ 74165። ሰባ አራቱ የተመረጡበት ዓመት ነው፤ የቀረው የእናት ዛፏ ተራ ቁጥር። ጅማ አጠገብ ያለውን የመልኮ ምርምር ማዕከል ስም ያስጠሩት እነዚህ ናቸው። እኔ ስለ "ቨርዥን" ከእህቴ ልጅ ስማር የባለቤቴ አጎት ጓሮ ቨርዥን እያቆጠቆጠ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል።

"በመልክ ችግኝ የሚገዛ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው የሚያውቀው" አሉኝ ሐጂ። "መብቀልማ ይበቅላል። ግራና ቀኙን ነው የማያውቀው።"

ቤት ገብተን ቡና እስኪፈላ የታብሌቷን ጀርባ በጥፍርና በቁልፍ ፈልቅቀን ከፈትነው። ቦርዱ ላይ ከሰሊጥ የሚያንስ ነጭ ጽሑፍ አለ። ሐጂ ቁርአን የሚያነቡበትን ማጉያ መስታወት አመጡና ራሳቸው ፊደል በፊደል አነበቡልኝ፤ እኔ ጻፍኩ። ኪው 88ነቷ እውነት ነው። ግን ከኪው 88 ቀጥሎ ጅራት አላት፤ የስሪት ቁጥርና ቀን። የንክኪው ሪባን ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር። "አየህ፣ አላት" አሉ ሐጂ፤ ልክ ጠፍታ የተገኘች በግ ጆሮ ላይ የራሳቸውን ምልክት እንዳገኙ።

ጅማ ስንመለስ ፋይሏን በጅራቷ ፈልገን አገኘን። ስንጭናት መብራት አልሄደም። ተነሳች፤ ቀኙ ቀኝ ሆነ፣ ግራው ግራ፣ ዋይፋዩም መጣ። ቀኑ ብቻ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይላል፤ ሰዓታቸው የጠፋባቸው እንዲህ ያሉ ብዙ ዕቃዎች ቆጠራ የሚጀምሩት ከዚያ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው። ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ የቡና ፍሬ በሽታ ገና አልገባም፤ 74110 ጫካ ውስጥ ስም የሌላት ዛፍ ናት። ትንሽ አየሁና ታብሌቷን ወደ ዛሬ አመጣኋት። ለሐጂም ደወልኩ። "ቁጥሯን ጻፍልኝ፣ ለሌላ ጊዜ" አሉኝ። እሳቸው ታብሌት የላቸውም።

ልጄ ግን ታብሌቷን ተቀብላ ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አደረገችና መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። "አባዬ፣ ተበላሽታለች። ግራውን ስነካ ግራው ይከፈታል።" ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። የድሮዋን መልስልኝ ትላለች።

የተሳሳተው ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ አለ። አላጠፋሁትም። ማጥፋት ትቻለሁ።