ሆዴ አልጠፋም፤ ፈላጊም አልቀጠርኩም

አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው በአንድ እጁ ቅቤ፣ በሌላው የገንፎ ዱቄት፣ በምላሱ ደግሞ አስተያየት ይዞ ይገባል። ቅቤው ይቀልጣል፤ ዱቄቱም ያልቃል። አስተያየቱ ግን አራስ ቤት ያድራል፤ አንዳንዱማ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ አይወጣም። ከኖፓ እስከ መቱ፣ ከጎሬ እስከ ያዮ ያላችሁ አራሶች፣ የምትሰሙትን ከነመልሱ አዘጋጅቼላችኋለሁ። የፈለገች በቃሏ ትያዘው።

«ውይ! ሆድሽ እስካሁን አልገባም እንዴ?»

«ክረምት መሰለሽ የሚገባው? ለነገሩ እዚህ ኢሉባቦር ክረምትስ ሲገባ እንጂ ሲወጣ ማን አይቶት ያውቃል?»

«ሌላ የቀረ ልጅ አለ እንዴ ውስጥ?»

«አለ። ሊወጣ ሲል አንቺን ባዶ እጅሽን አየና ተመለሰ።»

«እኔ እኮ በሳምንቴ ጂንሴን ለብሼ ነው ገበያ የወጣሁት!»

«ጎሽ! ዚፑን ማን ዘጋልሽ?»

«ኧረ ባልሽ እንዳይሸሽሽ ታጠቂ!»

«እሱ የት ይሸሻል? የራሱን ቦርጭ ካረገዘ 10 ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ክትትል እንኳ አልጀመረም።»

«ወገብሽ እኮ ድሮ እንደ…»

«ድሮማ አንቺም ሳትጠሪ አትመጪም ነበር።»

አሁን የታማውን ሆድ ጉዳይ እንይ። ማሕፀን ልጁ እንደወጣ 1 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ያኔ 100 ግራም እንኳ አይሞላም። በ6 ሳምንት 900 ግራም ያራገፈ አካል ነው እንግዲህ ‹ሰነፍ› ተብሎ የሚታማው። ልጁ ጡት ሲጠባ ሆድሽን ቁርጥ የሚያደርግሽም ማሕፀንሽ እየተኮማተረ ነው። ያለ ዋጋ፣ ያለ መንጠቆ ሆድ የሚሰበስብ ሠራተኛ ጡትሽ ላይ ተለጥፎ ሳለ ሌላ፣ ኮርሴት የሚሉትን የሆድ ማጥበቂያ ልብስ፣ ፍለጋ ቴሌግራም ውስጥ ታድሪያለሽ።

የሆድ ጡንቻም የራሱ ጣጣ አለው። በእርግዝና ጊዜ በግራና በቀኝ ያሉት ጡንቻዎች መሐል ለመሐል ይራራቃሉ። ኖርዌይ ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ 300 እናቶችን የተከታተለ ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር፤ በ6ኛው ሳምንት ከ10ሩ እናቶች በ6ቱ ላይ ክፍተቱ ነበረ፤ ከዓመት በኋላም ከሦስቱ በአንዷ ላይ ነበረ። በዚያ ወተቱም ሐኪሙም በማይታጣበት አገር! ስለዚህ አንቺ ገንፎ ስለበላሽ የመጣብሽ ጉድ አይደለም። ይህን ክፍተት ደግሞ ኮርሴት አይዘጋውም። ኮርሴት ልብስ ነው እንጂ ልብስ ሰፊ አይደለም። ስብም አያቀልጥም፤ ያስወጣሽ ላብ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስትጠጪ ተመልሶ ይገባል።

ችግሩ ድግስ ይመጣል፤ ድግሱ ደግሞ ቀን አለው። ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው። ማሕፀን 6 ሳምንት፣ ማለትም 42 ቀን ሲጠይቅ የወንድ ልጅ እናት የተሰጣት 40 ነው፤ ሁለት ቀን ጎደላት። የሴት ልጅ እናት ግን እጥፍ አገኘች። ሴት ልጅ እናቷን መርዳት የምትጀምረው ገና ከመጠመቋ በፊት ነው የምለው ለዚህ ነው። ሙስሊሟ ደግሞ አቂቃው በ7ኛው ቀን ይመጣባታል። በኦሮሞ ወግ ሸነን በ5ኛው ቀን ነው፤ ሴቶቹ ተሰብስበው ገንፎ ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይመርቃሉ፤ ሜትር ይዛ የምትመጣ ግን አልሰማሁም። እንዲያውም በዚያ ወግ የወለደች ሴት ግንባሯ ላይ ቀነፋ የሚባል ምልክት ታስሮላት፣ ያያት ሁሉ እንዲያከብራት ይደረግ ነበር። የድሮ ሰው አራሷን ግንባሯ ላይ አሰረላት፤ የዛሬ ሰው ወገቧ ላይ አሰረባት።

መንግሥት እንኳ ይታገሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ጎረቤት ግን በ9ኛው ቀን ‹ምነው?› ይላል።

ወገብ መታጠቅ ለእኛ አዲስ ነገር እንዳልሆነ አልክድም። እናቶቻችን አራሷን በነጠላ ወይም በመቀነት ያስሯት ነበር። ለስላሳ ጥጥ ነው፤ ሲጠብቅ ይላላል፣ ሲቆሽሽ ይታጠባል፣ ሲመሽ ይፈታል። ወገቧን ደገፍ አድርጎ ብድግ ቁጭ ስትል ያግዛታል። በዚያ ላይ መቀነት ብር ይቋጠርበታል። የዘንድሮው ኮርሴት ግን ገና ሳይታጠቁት የተቋጠረውን ያስፈታል።

የእውነተኛው ኮርሴት ወሬ ደግሞ፣ ይግረማችሁና፣ መቱ ድረስ ዘመድ አለው። መቱ ካርል ሆስፒታል የሚጠራው በካርልሃይንዝ በም ስም ነው፤ አቦ ካርል የምንለው። በ1981 እ.ኤ.አ. ሜንሽን ፎር ሜንሽን የተባለውን የተራድኦ ድርጅት ከማቋቋሙ በፊት የታወቀ የፊልም ተዋናይ ነበር። ከ1955 እስከ 1957 እ.ኤ.አ. በወጡት ሦስት የ‹ሲሲ› ፊልሞች ላይ የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ ተጫውቷል። የዚያ ንጉሥ ሚስት፣ እውነተኛዋ እቴጌ ኤልሳቤጥ፣ አራት ልጅ ወልዳ ወገቧን 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ በማቆየቷ ስሟ የተጠራ ሴት ናት። ኮርሴቷን ለማጥበቅ ብቻ አንድ ሰዓት የሚፈጅባት ቀን ነበር። በ1898 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ አንድ ሰው በሹል ሞረድ ደረቷን ሲወጋት በቡጢ የመታት መስሏት ተነሥታ መርከብ ላይ በእግሯ ወጣች፤ ኮርሴቱ ከመጥበቁ የተነሣ ደሙን ይዞት ነበር ይባላል። ገመዱ ሲቆረጥ ነው ጉዱ የታየው።

ይህን ታሪክ ለአንዱ ሻጭ ብነግረው «አየሽ፣ ነፍስ ይይዛል!» ብሎ ማስታወቂያ ይሠራበት ነበር። ሻጭን የምታውቁት ነው፤

«ዋጋው ስንት ነው?»

«በውስጥ መስመር።»

«በውስጥ መስመርማ ልጄም ወጣ፤ ያልወጣው ዋጋህ ነው።»

«በ7 ቀን ቦርጭ ድራሹን ያጠፋል!»

«እኔ በ9 ወር የሠራሁትን አንተ በ7 ቀን? ታዲያ የእኛን መንገድ ለምን ላንተ አልሰጡህም?»

«ሁለት ቁጥር ያነሰ ውሰጂ፤ በደንብ ይይዝሻል።»

«ፖሊስም በደንብ ይይዛል።»

«መጀመሪያ ይጠብሻል፤ በኋላ ትለምጂዋለሽ።»

«ድህነትንም ለምጄዋለሁ፤ ግን ከፍዬ አልገዛሁትም።»

«ፍሪ ሳይዝ ነው።»

«ፍሪ ከሆነ ብሩን መልስልኝ።»

«አርቲስቶቹ ሁሉ እኮ ይሄን ነው የሚለብሱት!»

«እነሱ ካሜራው ሲጠፋ ያወልቁታል። እኔን ማን ‹ይበቃል፣ ተቀርጿል› ይበለኝ?»

ሻጩ አዲስ አበባ ነው፤ መቱ ደግሞ ከዚያ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአውቶቡስ ይላካል፤ ካልሆነሽ ግን መልሶ የሚቀበልሽ የለም። ለዚህ ነው ከፎቶ ላይ አትግዢ የምለው። ጠጋ ብለሽ በእጅሽ የምትጎትቺውን፣ ለክተሽ የምታወልቂውን ግዢ፤ ሱቁ መቱ ይሁን ጎሬ ግድ የለም።

ምን ዓይነቱ ይሻላል? መጀመሪያ ተለኪ፤ የዛሬውን ወገብሽን እንጂ የሠርግሽን አይደለም። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ሲያመጣ ሆድሽን አትሳቢ፤ እንዲያውም ገንፎውን በልተሽ ሂጂ፤ በጾም ሆድ የተለካ ልብስ በጥጋብ ቀን ያቃጥራል። ስትለብሺው ረጅም ትንፋሽ ሳቢ፣ ሳቂ፣ አስነጥሺ። ከዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ በይ፤ ለቡና እንደምትቀመጪው። ቆመሽ ያማረብሽ ሁሉ ቁጭ ስትይ ይፈረድበታል፤ ከላይ ተጠቅልሎ ከወረደ ወይም ጎድንሽን ከወጋ እዚያው ተይው። ጎኑ ላይ ብረት ወይም ፕላስቲክ ዘንግ የተሰፋበትን ለእቴጌ ኤልሳቤጥ ተይላት፤ እሷ እንጀራ አትጋግርም ነበር።

መንጠቆው ሁለት ሦስት ረድፍ ያለው ይሁን፤ ሆድሽ ሲቀንስ ረድፍ ትቀይሪያለሽ እንጂ ሌላ አትገዢም። ሽንት ቤት ለመሄድ ሙሉውን የሚያስወልቅሽን አትንኪ፤ ልጅ እያለቀሰ 24 መንጠቆ ስትፈቺ ያየሽ ይፈርድልሽ! ከጡት በታች የሚቆም ይሻላል። ጡት ድረስ ወጥቶ የሚጫን ከሆነ ወተቱ መንገዱ ይዘጋና ጡትሽ ይጠጥራል፤ ከሆድ ሸሽተሽ ሌላ ሕመም ትገዣለሽ።

ጨርቁ ላይ ደግሞ የእኛ አገር ሰው ልዩ ጉዳይ አለው። ኢሉባቦር ዝናብ የሚታማበት አገር አይደለም፤ ይዘንባል፣ አለቀ። ወፍራም ላስቲክ ያለው ሲንተቲክ ልብስ በክረምት ሁለት ቀን ገመድ ላይ ይውልና ርጥብ እንደሆነ ይገባል። ርጥቡን ከለበስሽው ወይም ላብሽን ካፈነው፣ ሽፍታና ማሳከክ ነው ትርፉ። ጥጥ የበዛበት ስስ ጨርቅ ምረጪ፤ አቅም ከፈቀደ ሁለት ይኑርሽ። ሳልቫጅ ተራ ያገኘሽው ከሆነ ጥሩ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ግን ላስቲኩን ሳቢው፤ ካልተመለሰ እሱም የወለደ ነው፣ ተይው ይረፍ።

በቀዶ ሕክምና የወለድሽ እህቴ፣ ካንቺ ጋር ቀልድ የለኝም። ሰፋ ያለ ለስላሳ የሆድ ማሰሪያ ስትነሺና ስታስዪ ሕመሙን ሊያቀልልሽ ይችላል፤ አዋላጇን ወይም ሐኪሙን ጠይቀሽ ግን። የልብሱ ጠርዝ ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ ወገቡ ከፍ ያለ ይሁን፤ ቁስሉ ከራሰ፣ ከቀላ ወይም ከሸተተ ልብስ መምረጡን ትተሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። እንዴትም የወለድሽ ብትሆኚ ትኩሳት፣ የበዛ ደም፣ ወይም አንድ እግር ብቻ አብጦ ማመም ካየሽ እንዲሁ ቀጠሮ አትጠብቂ።

መጥበቅን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የጥርስ ሳሙና መሐሉን ብትጨምቂው አይጠፋም፤ ባገኘው በኩል ይወጣል። ሆድም ሲታፈን ግፊቱ ወደ ላይ ቃር ሆኖ፣ ወደ ታች ደግሞ ገና ባልጠነከረው የዳሌ ወለል ጡንቻ ላይ ይወርዳል። ስታስነጥሺ ሽንት የሚያመልጥሽ ከሆነ፣ ኮርሴት ማጥበቅ ነገሩን ሊያብስብሽ ይችላልና ተይው። በሰዓትም ቢሆን አታብዢ፤ በጥቂት ሰዓት ጀምሪ፣ ማታ አውልቂ። ከደነዘዘሽ ወይም ምልክት ጥሎ ከቀረ ጠቦሻል፤ ሻጩ ምን ቢል።

«ታዲያ ኮርሴት ጠላት ነው በይኛ!» የምትል አትጠፋም። አይደለም። ለክርስትናው ቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ለብሰሽው ቀሚስሽ ቀጥ ቢል፣ ወገብሽም ድጋፍ አግኝቶ ቀና ብትዪ፣ ማን ይከለክልሻል? ደስ ካለሽ ልበሺ። ደስ ያላለሽ ከሆነና ለሰው ዓይን ብለሽ ከሆነ ግን ሌላ ርካሽ መላ አለ፤ የሐበሻ ቀሚሱን ለልብስ ሰፊው ሰጥተሽ ጎኑን አስለቅቂ። ሆድን ከማጥበብ ቀሚስን ማስፋት ይቀላል፤ ዋጋውም በውስጥ መስመር አይደለም።

በስተመጨረሻ ገንዘብ ሳታወጪ ልታደርጊው የምትችይውን ልንገርሽ። ልጅሽ የ45 ቀን ክትባት አለው፤ ጤና ጣቢያ መሄድሽ አይቀርም። ያን ቀን ክትባቱ ሲያልቅ ነጠላሽን አንሥተሽ አትውጪ። ‹እኔንም እዩኝ› በይ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ አንገትሽን ትንሽ ቀና ስታደርጊ፣ ከእምብርትሽ በላይ ያለው ክፍተት ስንት ጣት እንደሚያስገባ ያዩልሽ፤ ሁለት ጣትና ከዚያ በላይ ከሆነ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልግሽ ጠይቂ። ልጁ ሲመዘን አንቺም ትታያለሽ፤ ኮርሴቱን ከዚያ በኋላ ግዢ።