ከወለወሉት በኋላ መግጠም ያቃታቸው ባለሽጉጦች ለኒኮላይ ማካሮቭ ያቀረቡት አቤቱታ

ለክቡር ኒኮላይ ፊዮዶሮቪች ማካሮቭ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በስምዎ የሚጠራውን ሽጉጥ ከመጠን በላይ ቀላል አድርገው በመሥራትዎ ስለደረሰው በደል

እርስዎ በ1988 እ.ኤ.አ. ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ በመሆንዎ መልስ እንደማይሰጡ የታወቀ ሲሆን፣ ይህም ተከሳሹ መከራከር በማይችልበት ችሎት መቆምን ለሚመርጡት አቤቱታ አቅራቢዎች እጅግ የተመቸ ሆኖ ተገኝቷል። አቤቱታ አቅራቢዎቹ ማካሮቭ ሽጉጣቸውን በገዛ እጃቸው ፈትተው፣ ወልውለውና ዘይት ቀብተው መልሰው ሲገጥሙት አልሠራ ያላቸው ባለንብረቶች ናቸው፤ ጥፋቱ የእጃቸው ሊሆን ይችላል የሚለውን ግምትም ገና ከመነሻው በሙሉ ድምፅ ውድቅ አድርገውታል።

በ1951 እ.ኤ.አ. የሶቭየት ጦር ቀድሞ ይታጠቀው የነበረውን የቶካሬቭ ሽጉጥ እንዲተካ የተቀበለው ይህ መሣሪያ ርዝመቱ 161 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ያለ ጥይት 730 ግራም ሲሆን፣ ካዝናው፣ ማለትም ጥይት የሚደረደርበት ሣጥን፣ 8 ጥይት ይይዛል፤ በኢትዮጵያም ስሙ ከጦር ሰፈር አልፎ በየመንደሩ የታወቀ ነው። አቤቱታ አቅራቢዎቹ እንደሚሉት ሽጉጡ የተወሳሰበ ቢሆን ኖሮ «ባለሙያ ይየው» ብሎ ማምለጥ ይቻል ነበር፤ ዋና ዋና ክፍሎቹ 7 ብቻ የሆኑትንና ለውልወላ ያለ አንዳች መፍቻ በእጅ የሚፈታውን መሣሪያ መግጠም አቃተኝ ማለት ግን በሰው ፊት ያሳፍራል።

የመጀመሪያው ክስ የሚያርፈው በእጀታው ውስጥ በቆመው ጠፍጣፋ ሞላ ላይ ነው። ይህ ሞላ በሰፊው ክንፉ የጥይቱን ቂጥ የሚወጋውን መርፌ የሚመታውን መዶሻ ይገፋል፣ በጠባቡ ክንፉ ቃታውን ከመዶሻው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ይደግፋል፣ የታችኛው ጫፉ ደግሞ ካዝናውን ቆልፎ ይይዛል። አንድ ቁራጭ ብረት ሦስት ሥራ ደርቦ ያለ ውሎ አበልና ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ማገልገሉ፣ ለአንድ ሥራ ሦስት የሥራ ክፍል ማቋቋም በለመደ አገር ዘንድ እንደ ስድብ የሚቆጠር በመሆኑ፣ ክቡርነትዎ ቢያንስ አንድ ምክትል ሞላ መመደብ ነበረብዎ።

ሁለተኛው ክስ በበርሜሉ ላይ የሚጠለቀውን መላሽ ሞላ፣ ማለትም ከተኩስ በኋላ ወደ ኋላ የሸሸውን ተንሸራታች ክዳን ወደ ፊት የሚመልሰውን ጥምዝምዝ ሽቦ ይመለከታል። የዚህ ሞላ ሁለት ጫፎች እኩል አይደሉም፤ በአንደኛው ጫፍ ያለው የመጨረሻ ጥምዝ ከሌሎቹ ጠበብ ያለ ሲሆን፣ ቀድሞ በርሜሉ ላይ ገብቶ እስከ ሥሩ መውረድ ያለበትም እርሱ ነው፣ በርሜሉን ጨብጦ ሞላውን በቦታው የሚያጸናው ይኸው ጥበት ነውና። ሞላውን ገልብጠው ያስገቡት አቤቱታ አቅራቢዎች ልዩነቱ በዓይን እንደማይለይ በመሐላ አረጋግጠዋል፤ ሞላውን ለማየት መብራት ማብራታቸውን ግን አንዳቸውም አልገለጹም።

ሦስተኛው ክስ ክዳኑን መልሶ ስለ መግጠም ነው። ሽጉጡ ሲፈታ ቃታውን የከበበው ቀስት ወደ ታች ተስቦ ወደ ጎን ዘንበል ይደረጋል፤ ከዚያም ክዳኑ ወደ ኋላ ተስቦ ጅራቱ ብድግ ሲል ወደ ፊት ተንሸራትቶ ይወጣል። ሲገጠም ግን የሽጉጡ የሶቭየት መመሪያ ቀስቱን ዳግመኛ መሳብ የግድ እንዳልሆነ፣ ክዳኑን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስቦ ጅራቱን እስከሚሄድበት ድረስ ወደ ላይ ማንሣት እንደሚበቃ ያስረዳል፤ ጅራቱ በሚገባ ካልተነሣ የክዳኑ የታችኛው የፊት ግድግዳ ከቀስቱ ጉብታ ጋር ይጋጫል። አቤቱታ አቅራቢዎቹ ይህ ግጭት እንደደረሰባቸው ያምናሉ፤ የመረጡት መፍትሔ ግን ጅራቱን ማንሣት ሳይሆን የአናጢ መዶሻ ማንሣት ሆኖ ተገኝቷል።

አራተኛው ክስ የሚነሣው ከጉጉት ነው። መመሪያው ሽጉጡን ሙሉ በሙሉ መፍታት ክፍሎቹን ቶሎ ስለሚያስረጅ ማዘውተር እንደማይፈቀድ የደነገገ ሲሆን፣ አቤቱታ አቅራቢዎቹ ግን ውስጡን ካላዩ እንቅልፍ አልወስድ ስላላቸው የቀለህ ማውጫውን ጥፍር፣ ማለትም የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቀለህ መዝዞ የሚያወጣውን መንጠቆ፣ ነቅለዋል። ይህ ጥፍር በኢምንት ገፊና በኢምንት ሞላ የሚደገፍ በመሆኑ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሞላዋ ተስፈንጥራ ስትሰወር ቤተሰቡ በሙሉ ከአልጋ ሥር ሲዳብስ ያመሻል፤ አባወራው ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሞላዋ ከመጀመሪያውም ትርፍ እንደነበረች ያውጃል።

አምስተኛው ክስ ዘይትን የሚመለከት ሲሆን፣ አቤቱታ አቅራቢዎቹ ለበዓል ዶሮ ወጥ ቅቤ እንደሚጨመር ያህል ዘይት አፍስሰው ሲያበቁ ጥይቱ ለምን እንደከሸፈ ይጠይቃሉ። መልሱ በመመሪያው የብልሽት ሠንጠረዥ ውስጥ አለ፤ መርፌው በሚመላለስበት ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ሲረጋ ወይም ቆሻሻ ሲጠራቀም መርፌው የጥይቱን ቂጥ በሚገባ ስለማይመታ ጥይቱ ይከሽፋል፣ ጥይቱ የሚጎረስበት ቦታና የክዳኑ ማንሸራተቻ ቦዮች ሲቆሽሹ ደግሞ ክዳኑ እስከ መጨረሻው ሳይዘጋ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ግን በቃታውና በመዶሻው ክፍሎች መካከል ዘይት ሲረጋ የሚደርሰው ነው፤ ቃታው አንድ ጊዜ ተስቦ ሽጉጡ በተከታታይ ሊተኩስ ይችላልና።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ጋብ ማለት ይኖርበታል፣ ስድስተኛው ክስ «ካዝናው ወጥቷልና ሽጉጡ ባዶ ነው» የሚል ነውና። ማካሮቭ ካዝናው ሲወጣ ቃታውን የሚያግድ መሣሪያ የለውም፤ በበርሜሉ ውስጥ የተጎረሰ አንድ ጥይት ካለ ካዝናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦም ቢሆን ይተኩሳል። ስለዚህ ቀስቱ ከመነካቱ በፊት ካዝናው ይወጣል፣ ሴፍቲው፣ ማለትም ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚያግደው ቁልፍ፣ ይለቀቃል፣ ክዳኑ ተስቦ በርሜሉ ባዶ መሆኑ በዓይን ይታያል፣ ይህ ሁሉ ሲሆንም አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዞራል።

በዚህ ሁሉ መነሻነት አቤቱታ አቅራቢዎቹ ከሁለቱም ጫፍ የሚገባ ሞላ፣ የበዛ ዘይትን የሚተፋ ሽጉጥና ሳይነበብ የሚገባ መመሪያ በአስቸኳይ እንዲሠራላቸው ጠይቀዋል። የቀረቡት ማስረጃዎች ሲመዘኑ ግን ተከሳሹ ነጻ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውም ለመሣሪያው ሳይሆን ለገጣሚው ነው። ገጣሚውም ሥራውን ጨርሻለሁ ከማለቱ በፊት ጥይት በሌለበት ሽጉጥ ሁለት ነገር ይፈትሽ፤ ባዶ ካዝና ገብቶ ክዳኑ ሲሳብ ክዳኑ ወደ ኋላ እንደቆመ መቅረት አለበት፣ መዶሻው ተወጥሮ ሴፍቲው ወደ ላይ ሲገፋ ደግሞ መዶሻው ወርዶ ክዳኑ መቆለፍ አለበት። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሽጉጡ ጥይት ሳይጎርስ ወደ ባለሙያ ይወሰድ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለባለሽጉጦች በሙሉ፦ በርሜሉን በዓይናቸው ሳያዩ አንድም ክፍል እንዳይፈቱ እንዲያውቁት