እሺ ይበልጣል ከሺ፦ በአንድ ባለ ብዙ ቋንቋ ቢሮ ላይ የተደረገ ጥናት

መነሻ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንደሚኖራቸው፣ አማርኛም የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንደሚሆን ይደነግጋል። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ደግሞ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ እንዲጨመሩ አለ። ሁለቱም ሰነዶች ግን ቢሮ ውስጥ ሥራ የሚሠራበትንም የማይሠራበትንም ዋነኛ ቋንቋ ዘለውታል፤ እሱም «እሺ» ነው።

ስልት

ጥናቱ የተካሄደው ቦሌ አካባቢ በሚገኝ፣ ስሙ በማይጠቀስ መሥሪያ ቤት ነው። ሠራተኞቹ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ጉራጊኛ ይናገራሉ፤ አንዲት ኬንያዊት የሂሳብ ባለሙያና አንድ ቻይናዊ መሐንዲስም አሉ። መረጃው የተሰበሰበው በማዳመጥ ሲሆን፣ በሻይ ሰዓት ይበልጥ ተደምጧል። ሁሉም የተከናወነው በሥራ ሰዓት ስለሆነ የተለየ በጀት አላስፈለገም።

ግኝት አንድ፦ የ«እሺ» ዝርያዎች

አጭሩ «እሺ» ድምፅህ ደርሶኛል ማለት ነው፤ ስለ ሥራው የሚለው ነገር የለም። የሚጎተተው «እሺ...» ቀጥል፣ አንተ ስታወራ እኔ ሌላ ነገር ላስብ ነው። ድርብ የሆነው «እሺ እሺ» ከፊቴ ዞር በልልኝ ነው። «እሺ፣ እናያለን» ደግሞ አናይም ማለት ነው። ኬንያዊቷ ባልደረባችን አራቱንም እንደ ስምምነት ቆጥራ ለሦስት ወር ዕቅድ ስታወጣ ኖራለች።

ከ«እሺ» የሚቀርበው ዘመድ ወደ ውስጥ የሚሳበው «አዎ» ነው። አንድ ቀን ኬንያዊቷ ቼኩ ተፈርሞ እንደሆነ ጸሐፊዋን ጠየቀቻት። ጸሐፊዋ እንደ ወጉ ትንፋሿን «ህእ!» አድርጋ ሳበች። ባልደረባችን ትን ያላት መስሏት ውሃ ይዛ ስትሮጥ መጣች። ቼኩ ከተፈረመ ቆይቷል፤ ውሃውም አልባከነም፤ ጸሐፊዋ አመስግና ጠጣችው።

ግኝት ሁለት፦ አንቱታ

መሐንዲሱ አማርኛ የተማረው ግንባታ ቦታ ላይ፣ ከቀን ሠራተኞች ነው። ስለዚህ የሚያውቀው ሰዋስው ትእዛዝ ብቻ ነው፦ «ና»፣ «አምጣ»፣ «ቶሎ ቶሎ»። «ችግር የለም» የሚለውን ደግሞ ችግር ሲኖር ይጠቀምበታል። በመጀመሪያው ቀን ዋና ሥራ አስኪያጁን ደረጃ ላይ ሲያገኛቸው በትሕትና ጎንበስ ብሎ «አንተ፣ ቶሎ ቶሎ!» አላቸው። እሳቸውም እንዲህ የሚላቸው ሰው ከጠፋ ዘመን ሆኖታልና ደንግጠው ደረጃውን በሩጫ ወጡት።

ግኝት ሦስት፦ ሰዓት

የጥናቱ እምብርት ይህ ነው። የክፍል ኃላፊው ለኬንያዊቷ በእንግሊዝኛ «ስብሰባው ነገ በስምንት ነው» ብለው ጻፉላት፤ በልባቸው ከቀኑ 8 ሰዓት ማለታቸው ነበር። እሷም በእንግሊዝኛው ስምንት፣ ማለትም በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደረሰች። ከጥበቃው በቀር ማንም አልነበረም። እሱም በኦሮምኛ ሰላም አላት፤ እሷም በስዋሂሊ መለሰች፤ ያለ ችግር ተግባቡና ወንበር አወጣላት። ስድስት ሰዓት ጠበቀች።

የሚገርመው ስዋሂሊም ቀንን እንደ አማርኛ ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። እኛ ከቀኑ 8 ሰዓት የምንለውን እነሱም «ሳ ናኔ» ይሉታል፤ «ናኔ» ስምንት ነው፣ «ሳ»ም የእኛው ሰዓት የሩቅ ዘመድ ነው። ኃላፊው በአማርኛ፣ እሷ በስዋሂሊ ብቻ ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ አንዱ የሌላውን አንዲት ቃል ሳይሰማ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይገናኙ ነበር። ያራራቃቸው ለመግባባት ብለው የመረጡት ቋንቋ ነው።

ግኝት አራት፦ የአንድ ቋንቋ ሰዎች

ለማነጻጸሪያ አፋቸውን በአማርኛ የፈቱ ሁለት ሠራተኞች ተመረጡ። አንደኛው «ደብዳቤዋ ቶሎ ትድረስልኝ» አለ። ሌላው «እሺ» አለ። ደብዳቤዋ በአሥራ አምስተኛው ቀን ወጣች። አስደጋሚም ጠያቂም አልነበረም፤ ሁለቱም አማርኛ ይችላሉ። ኬንያዊቷ ግን ከዚያ ስብሰባ ወዲህ «የቀን ነው የጠዋት?» ሳትል ቀጠሮ አትይዝም፤ መሐንዲሱም የሰማውን በወረቀት ስሎ ካላሳየ ሥራ አይጀምርም። የሁለቱ ሥራ አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

ማጠቃለያ

አበው «እሺ ይበልጣል ከሺ» ያሉት ትክክል ነው፤ ሺውን ግን መቁጠር ይቻላል፣ እሺውን አይቻልም። ጥናቱ ሠራተኞች ሁሉ፣ በተለይም አንድ ቋንቋ የሚናገሩት፣ እንደማይግባቡ ሰዎች እየተጠያየቁ እንዲሠሩ ይመክራል።

ይህንኑ ረቂቅ ለኃላፊዬ ሳቀርብ «ጥሩ ነው፤ ሰኞ በ3 አምጣው» አሉኝ። እኔም የራሴን ምክር ለማክበር «ጠዋት ነው ማታ?» ብዬ ጠየቅሁ።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «አማርኛ አትችልም እንዴ?» አሉኝ።

«እሺ» አልኩ።