አትቁረጥ ያለችኝ ዛፍ ቆራጭ

አሜሪካ ቤት የገዛ ሐበሻ ስለ ቤቱ ሲያወራ የሚያነሣው የመኝታ ቤቱን ብዛት፣ ቤዝመንቱንና የባንኩን ወለድ ነው። ስለ ዛፉ የሚያወራ እስካሁን አልገጠመኝም። ዛፉ ግን አብሮ ተሽጦልናል፤ ያውም ከነዕዳው። እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ስንገባ ከጓሮው አንድ ነጭ ኦክ ተቀብሎናል። ግርማ ሞገሱ የሚያስቀና ነው፤ አንድ ደረቅ ቅርንጫፉን ግን ልክ በመኝታ ቤታችን ጣሪያ ላይ ዘርግቶታል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ባለቤቴ መጀመሪያ ጣሪያውን ታያለች፤ ቀጥላ እኔን።

እውነትም እዚህ አገር ነፋስ አይናቅም። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ማታ «ዴሬቾ» የሚሉት ማዕበል ዋሽንግተንንና አካባቢዋን ሲመታ ዛፉ በየመኪናውና በየጣሪያው ላይ ተጋድሞ አደረ፤ መብራትም ለቀናት ጠፋ። ጎረቤት ሁሉ ሲደናገጥ ሻማና ክብሪት የት እንደተቀመጠ ያወቀው የአዲስ አበባ ልጅ ብቻ ነበር።

ማዕበል ካለፈ በኋላ በር የሚያንኳኳ ሰው አይጠፋም። እኛም ዘንድ ፒክአፕ ያቆመ፣ የሞተር መጋዝ የጫነ ሰውዬ መጣ። ዛፉን ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየና የቀረውን ጊዜ የኔን ፊት ሲመረምር ቆየ። «ይሄ ዛፍ ሌላ ማዕበል አይችልም፤ ዛሬውኑ ከሥሩ መውረድ አለበት» አለኝ። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ፣ ግማሹ አሁን። ሜሪላንድ ውስጥ ገንዘብ ተቀብሎ የሰው ዛፍ ለማከምም ሆነ ለመቁረጥ ከስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ተፈትነው ያልፋሉ፤ ኢንሹራንስም ይገባሉ። ፈቃዱን እንዲያሳየኝ ብጠይቀው «መኪና ውስጥ ነው፣ ላምጣው» ብሎ ሄደ። ይኸው እስካሁን እያመጣው ነው።

ሁለተኛው ወገናችን ነው። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ «ለባዕድ ከምትከፍል እሱ አለልህ አይደል!» ተባልኩ። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ታክስ ይሠራ ነበር፣ ቀጥሎ ቀለም ቀቢ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ዛፍ ላይ ወጥቷል። «አናቱን ጎርደን እናሳጥረዋለን፤ ያጠረ አይወድቅም» አለኝ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። አናቱ የተጎረደ ዛፍ ግን ከቁስሉ ዙሪያ ቀጫጭን ቅርንጫፍ እያንዠረገገ ያቆጠቁጣል፤ እነዚያ ጠብቀው የተያያዙ ስላልሆኑ ከቀድሞው ይልቅ ይገነጠላሉ፤ ግንዱም ከላይ ወደ ታች መበስበስ ይጀምራል። ለቆራጩ ግን ቋሚ ደንበኛ ተገኘ ማለት ነው። ስለ ኢንሹራንስ ሳነሣ በጣም ተቀየመኝ። «በኛ መሀል? እግዜር አለ አይደል እንዴ!» እግዜርማ አለ። ነገር ግን ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ከዛፌ ላይ ቢወድቅ የሆስፒታሉ ሂሳብ እኔን ፈልጎ ሊመጣ ይችላል፤ ከሂሳቡ ኋላ ደግሞ ሽማግሌ ይከተላል።

በዚህ መሀል እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ዛፍ ለማስቆረጥ ሺዎች ዶላር እንደሚጠየቅ ስነግራት አላመነችም።

«እንጨቱንስ ለማን ልትሸጠው ነው?»

«ቆራጮቹ ይወስዱታል።»

«እንጨትህንም ወስደው፣ ብርህንም ወስደው?» አለችና ወደ ባለቤቴ ዞረች። «እናንተ ልጆች፣ እዚህ አገር መካሪ የላችሁም?»

አልፈርድባትም። የእንጦጦ ሥር ልጅ ናት። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ተመንጥሮ አልቆ፣ አጼ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቆርጠውት መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ፍልጡም ቅጠሉም ይነዳል። እናቴ ያደገችበት ሰፈር ዛፍ ቆራጭ ሲጠራ ገመዱንና መጥረቢያውን ይዞ ይመጣል፤ ክርክሩም ፍልጡ የማን ይሁን፣ ጭራሮው ለማን ይቅር የሚል ነው። እንጨት ሰጥቶ ብር የሚጨምር ሰው ለሷ ጠበል የሚያስፈልገው ነው።

ሦስተኛዋ ፈቃድ ያላት ሴት ናት። ዋጋ ሳትጠራ የላስቲክ መዶሻ አወጣችና ግንዱን ዙሪያውን እያንኳኳች ጆሮዋን ጣለች፤ ውስጡ ባዶ ከሆነ ድምፁ ይለወጣል። ግርጌው ላይ የተቆለለውን «ማልች» የሚሉትን የእንጨት ፍርፋሪ በእጇ ገለጥ አድርጋ ሥሩን አየች። ሰፈራችን ዛፍ ሁሉ እስከ ጉልበቱ ማልች ይቆለልበታል፤ ልጡ እርጥብ ላይ እየዋለ ስለሚበሰብስ ዳርዳሩን ዘርግቶ ግንዱን ነጻ መተው ነው የሚሻለው። ሁሉንም ስትጨርስ «ዛፉ ደኅና ነው። ደረቁን ቅርንጫፍ ብቻ እናወርዳለን፤ የቀረውን አትቁረጥ» አለች።

ዛፍ በመቁረጥ ከምትኖር ሰው አትቁረጥ መባል ግራ ያጋባል። ስለ ዕድሜው ስጠይቃት ስለ ዋይ ኦክ ነገረችኝ። ከ460 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው የሚባለው ይህ የሜሪላንድ ነጭ ኦክ በነጎድጓድ ማዕበል የወደቀው በ2002 ነው። ስቴቱ በ1939 ራሱ ገዝቶት ነበር፤ ነጭ ኦክም ከ1941 ጀምሮ የስቴቱ ዛፍ ነው። የኛው ከሱ ጋር ሲተያይ ገና ጡት ያልጣለ መሆኑ ነው።

ሥራው ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ተጀመረ። የወጣው ልጅ ጫማው ላይ ሹል ብረት አላሰረም፤ በገመድ ነው የወጣው። ብረቱ ልጡን እየወጋ ስለሚያቆስል የሚፈቀደው ለሚገነደስ ዛፍ ብቻ ነው። ቅርንጫፉን በገመድ አሰረውና ከግንዱ ራቅ ብሎ መጀመሪያ ከሥሩ ወደ ላይ በጥቂቱ ሰነጠቀው። ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ አልፎ ከላይ ወደ ታች ቆረጠ። ከሥር ያስቀደመው ቅርንጫፉ ሲገነጠል የግንዱን ልጥ እየላጠ እንዳይወርድ ነው። በመጨረሻ የቀረችውን ጉቶ ቅርንጫፉና ግንዱ ከሚጋጠሙበት ያበጠ አንገት ወጣ ብሎ አጸዳት፤ ያን አንገት አልነካውም፣ ቁስሉን የሚሸፍነው አዲስ ልጥ የሚነሣው ከዚያ ነውና። እናቴ ከታች ሆና በያንዳንዱ የመጋዝ ድምፅ ታማትባለች።

«ቁስሉን ምን ትቀቡታላችሁ?» ብላ አስጠየቀችኝ። ምንም አይቀባም፤ ቀለም መቀባት ቀርቷል አለች ሴትዮዋ። እናቴ ከንፈሯን መጠጠች፤ ለዛፉ ይሁን ለኔ አላወቅኩም።

የእንጨት መፍጫ ማሽኑ ተነሥቶ ጭራሮውን አንድ በአንድ መዋጥ ሲጀምር ግን አልቻለችም። ነጠላዋን አደግድጋ ወጣችና በቅርንጫፉና በማሽኑ መሀል ቆመች። ሠራተኞቹ ቋንቋዋን ባይሰሙም ነገሩ ገብቷቸዋል። እንጨት ጭኖ መሄድ ለነሱም ወጪ ነው፤ ወፍራም ወፍራሙን በደስታ ጥለውልን፣ ከዋጋውም ቀንሰውልን ሄዱ። እናቴ «አየህ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነ ምክር በሰጠኋት ቁጥር ይህችኑ «አየህ» ትደግምልኛለች።

እሷ አገሯ ገብታለች፤ ቤታችን የእሳት ማንደጃ የለውም፤ የተቆለለው እንጨት ግን መኪና ማቆሚያውን እንደያዘ ነው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ማንደጃ ያላችሁ ወገኖች፣ መጥታችሁ ውሰዱልኝ፤ ዋጋ የለውም። ኦክ በደንብ ካልደረቀ አይነድም። ከሩቅ የምትመጡ ግን ይቅርባችሁ፤ ፍልጥ ተባይ ደብቆ ስለሚዞር ራቅ አድርጎ ማጓጓዝ አይመከርም፤ በ2003 ሜሪላንድ የተገኘው የአሽ ዛፍ ሰርሳሪ ጥንዚዛም የመጣው ከሌላ ስቴት በተጫነ ችግኝ ነው። መጥረቢያ ይዛችሁ ኑ፤ እኔ የለኝም።