አስጎብኚና ቁጥር፦ በሰሜኑ መስመር የተደረገ የመስክ ጥናት

ኢትዮጵያ ውስጥ ቁጥርን ያለ ማመንታት በመጥራት የአስጎብኚን ያህል የተካነ ባለሙያ እስካሁን አልተገኘም። የባንክ ገንዘብ ከፋይ ከተጠራጠረ ብሩን ደግሞ ይቆጥራል። ሐኪም «እስቲ የምርመራው ውጤት ይምጣ» ይላል። አስጎብኚ ግን ስንት ዓመት፣ ስንት ሜትር፣ ስንት ቶን፣ ስንት ደቂቃ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ጥያቄውን ይቀድማል። «አላውቅም» የሚለው ቃል ከሙያው መዝገበ ቃላት ውስጥ ተፈልጎ አልተገኘም። ይህ ጥናት መልሶቹ ከየት እንደሚመነጩ ለማጣራት ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጎንደርና በደባርቅ፣ ከዚያም በአክሱምና በላሊበላ በሚዞረው፣ «ታሪካዊው መስመር» በሚባለው ጉዞ ላይ ተካሄደ። የናሙናው መጠን አንድ ሚኒባስ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከመፈክሩ ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አገሪቱን ለዓለም ያስተዋወቁት በአሥራ ሦስት ቁጥር ነበር። እንግሊዝኛው አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ ነው ሲል፣ አማርኛው «የ13 ወር ፀጋ» ብሎ አለፈው። ልዩነቱ የትርጉም ስሕተት አይደለም፤ አማርኛ አንባቢ ሐምሌን ያውቀዋል። 13ኛዋ ወር ራሷ፣ አምስት ቀን በየአራት ዓመቱም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን፣ የምትውለው በክረምቱ ጅራት ላይ ነው። ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሕፃን አዋቂው ዝናቡ እንዲያገኘው ደጅ ይወጣል። የፀሐይ አገር የመጨረሻ ወሯን የምታከብረው በዝናብ እየራሰች ነው። አስጎብኚው ይህንንና መፈክሩን በአንድ ትንፋሽ ሲያስታርቅ መስማት በተለይ ለሕግ ተማሪዎች ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2016 መፈክሩ «ምድረ ቀደምት» በሚለው ተተካ። ቁጥር ስለሌለበት ለጥናቱ አልጠቀመም።

ከመፈክሩ ቀጥሎ ሰዓት አለ። «ነገ 12 ሰዓት እንነሣለን» ተባለ። ሾፌሩ ጎህ ሳይቀድ ሞተሩን አሙቆ ጠበቀ። አንድ እንግዳ ግን ቁርሱን አጣጥሞ፣ ሻንጣውን እየጎተተ፣ በቀትር ወረደ፤ እንዲያውም አምስት ደቂቃ ቀድሞ በመምጣቱ ምስጋና የጠበቀ ይመስል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አስጎብኚው «በእናንተ ስድስት፣ በእኛ አሥራ ሁለት» የሚለውን ሐረግ እንደ ጸሎት ይደግመዋል። ዓመቱ ደግሞ ከሰዓቱ ይብሳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት ይቀነሳል፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ግን 20። አስጎብኚው ይህን ሁሉ የሚያሰላው ፊቱን ወደ እንግዶቹ አዙሮ፣ በኮብልስቶን ላይ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ አንድም ጊዜ ሳይደናቀፍ ነው። ይህን ችሎታ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልተገኘም።

ጎንደር ላይ ሥራው ቀላል ነበር። ፋሲለደስ ከተማዋን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው፤ ግንቡም ቆሟል፣ የሚከራከር የለም። ችግር የተፈጠረው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሥር ነው። ጣሪያው በረድፍ በረድፍ በተሣሉ፣ ሁሉም በሚያዩ የመላእክት ፊቶች ተሞልቷል። አስጎብኚው ድምሩን ተናገረ። አንዲት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት አንገታቸውን አቅንተው መቁጠር ጀመሩ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተሳሳቱና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ አሁንም ተሳሳቱ። በመጨረሻ አንገታቸውን ይዘው የአስጎብኚውን ቁጥር ተቀበሉ። እንዲህ ያለው ቁጥር በዚህ ጥናት «በአንገት የጸና» ተብሏል።

ሰሜን ተራሮች ሌላ ዓለም ነው። ራስ ዳሸን ለብዙ ዘመን በትምህርት ቤት መጻሕፍት 4,620 ሜትር ነበር፤ ኋላ የመጡ ልኬቶች ወደ 4,550 አካባቢ አወረዱት። ተራራው ምንም ሳይሆን 70 ሜትር ያህል አጠረ። አስጎብኚው በአሮጌው ቁጥር ጸንቷል፤ የተማረውን መካድ አልፈለገም። ከቡድኑ ጋር ጠመንጃ አንግቶ የሚሄደው ስካውት ግን ቁጥር የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም። ርቀት ሲጠየቅ አገጩን ወደ ማዶ ያነሣና «እዚያ» ይላል። አጥኚው በጥሞና እንዳዳመጠው ልኬቱ ያለው በድምፁ ርዝመት ነው። አጭር «እዚያ» አንድ ኮረብታ ነው፤ «እዚ-ይ-ይ-ያ» ከሆነ ግን ምሳ መቋጠር ያስፈልጋል። ስካውቱ በሦስት ቀን አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። አስጎብኚው «ሃያ ደቂቃ» ያለው መንገድ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ማለትም አራት እጥፍ ተኩል።

ይህን ስሕተት አክሱም ላይ በመጠን መመዘን ተቻለ። የፋሺስት ጣሊያን ጦር 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን፣ 160 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም አጋዘው። በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ አዘዘ። ሐውልቱ በሦስት ተቆርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም የደረሰው በ2005 ነው፤ የቆመው በ2008። እንግዲህ 18 ወር የተባለው 38 እጥፍ ያህል ወሰደ። ከመንግሥታት ጋር ሲነጻጸር የአስጎብኚው ሃያ ደቂቃ በትክክለኛነቱ የሚያስመሰግን ነው። በሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ቢጫ ካርድ የያዘ ወገን፣ ከዋሽንግተን የመጣ፣ «68 ዓመት ውጭ ኖሮ የተመለሰ ዲያስፖራ!» ብሎ ከሐውልቱ ጋር ፎቶ ተነሣ።

እዚያው አጠገብ ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር፣ ወደ 520 ቶን ነው። የ13 ፎቅ ሕንፃ አምሳል ተቀርጾበታል፤ በር አለው፣ መስኮት አለው፣ ደረጃ ግን የለውም። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው አይደነቅም። እንዴት ተጎተተ ሲባል መልሱ «በዝሆን» ነው፤ ስንት ዝሆን የሚለውን ጥያቄ ያነሣ ባለመኖሩ አንድ ጠቃሚ ቁጥር ለጥናቱ ሳይደርስ ቀርቷል። ዱንጉር ላይ ደግሞ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ተጎበኘ። አርኪዮሎጂስቶች ፍርስራሹን የ6ኛው ወይም የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ነው ይላሉ፤ ንግሥቲቱ ግን የሰሎሞን ዘመን ሰው ናት። ከ1,500 ዓመት በላይ የሆነውን ልዩነት አስጎብኚው በአንድ የእጅ ውርወራ ተሻገረው። እዚህ ላይ አጥኚው ጥፋተኛ ሊለው አልደፈረም። «የባለቤቱ ስም በውል የማይታወቅ የመኳንንት መኖሪያ» ለማየት ማን ከኒው ዚላንድ ይመጣል?

ላሊበላ ላይ ችግሩ ተገልብጦ መጣ። እዚህ የሚጋነን ቁጥር የለም፤ እውነተኛው ራሱ አይታመንም። አሥራ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከቋጥኝ ተፈልፍሎ። በ1520ዎቹ ያያቸው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲሽኮ አልቫሬዝ ውሸታም እንዳይባል ፈርቶ የጻፈው እውነት መሆኑን በመሐላ እስከ ማጽናት ደርሷል። ትውፊቱ ሥራው 23 ዓመት ፈጀ፣ ቀን ሰው የጠረበውን ያህል ሌሊት መላእክት እጥፍ ይጠርቡ ነበር ይላል። ሒሳቡ ሲሠራ ከሥራው ሁለት ሦስተኛው የሌሊት ፈረቃ ድርሻ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ስለ መቅረቡ ምንም አልተወሳም።

የቤተ መድኃኔዓለም በር ላይ የጫማ ጠባቂው ይቀመጣሉ። ቁጥር የለም፣ ምልክት የለም፣ ወረቀት የለም። ሃያ ሁለት ጫማ፣ ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም የተራራ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ አፈር የለበሰ። ሽማግሌው እያንዳንዱን በጥንድ በጥንድ፣ ጫፉን ወደ መውጫው አዙረው ይደረድራሉ። እንግዶቹ በአንድ በር ገብተው በሌላው ሲወጡ ጫማው ቀድሟቸው እዚያ ይጠብቃል። እንዴት እንደሚለዩ ሲጠየቁ «ፊቱን አይቼ ነዋ» አሉ። የሰውየውን ይሁን የጫማውን አላብራሩም።

ጥናቱ አንድ ቁጥር ላይ ብዙ አልቆየም። በ2020 ኮሮና መጣ፤ በዚያው ዓመት የሰሜኑ ጦርነት ተነሣና እስከ 2022 መጨረሻ ዘለቀ። በእነዚያ ዓመታት ስንት እንግዳ መጣ ሲባል አስጎብኚው የመለሰውን ማጋነንም ማሳነስም አይቻልም ነበር።

በመጨረሻው ቀን ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል አስጎብኚው እንደ ልማዱ በጣቱ ቆጠረ። እንግዶቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ቁጥሩ አሥራ ሁለት መጣ። ደግሞ ቆጠረ፤ በጉዞው ሁሉ ደግሞ ሲቆጥር የታየው ይኼኔ ብቻ ነው። አሁንም አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለተኛው በሩ ደረጃ ላይ አንድ እግራቸውን ያሳረፉት የጫማ ጠባቂው ነበሩ። በእጃቸው የግራ እግር ጫማ ይዘዋል።

«አባባ፣ የማን ነው?» አለ አስጎብኚው።

«የዚያ በቀትር የሚነሣው ልጅ» አሉ።