ቆሞ አዳሪው ሲሊንደር

ልጄ ከባሕር ዳር እስከ ግንደወይን የጋዝ ሲሊንደር ጭኖ የመጣው «እናቴን ጭስ ዓይኗን ጨረሳት» ብሎ ነው። ይባረክ። እኔን ግን ማን አሰበኝ? የዚህ ቤት አባወራ እኔ ነበርሁ፤ አሁን ሲሊንደሩ ሆኗል። እኔ ሲደክመኝ ጋደም እላለሁ፤ እሱ ግን ቆሞ ነው የሚያድር። ከተጋደመ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይሄድና እሳቱ ይንቦገቦጋል። ፀሐይ አይመታውም፣ እሳት አጠገቡ አይደርስም፣ ጎማው ሲሰነጣጠቅ አዲስ ይገዛለታል። የእኔ ጫማ ሲሰነጣጠቅ መልሱ «ይሰፋ» ነው።

መካሪው ደግሞ መብዛቱ! አንዱ «ሊያልቅ ሲል የፈላ ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ ትንሽ ቀን ያቆያችኋል» ይላል። ሌላው፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፣ «ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ ክብሪት ጭሮ ማስጠጋት ነው» አለኝ። ማወቁንስ ያውቀዋል፤ መጥቶ የሚነግረን ግን አይኖርም። የልብስ ሳሙና በጥብጦ መጋጠሚያውን መቀባት ምን ከብዶ ነው? የሚያፈስ ከሆነ አረፋው እዚያው ይነፋል።

የሆዴ ብሶት ግን ቡናው ላይ ነው። ይኸ ፕሮፔን የሚሉት ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ አብሮት የሚሞላው ቡቴንማ እጥፍ ነው። ሾልኮ ከወጣ ወደ ጣራ አይሄድም፤ ወለል ለወለል ተስቦ ጥግ ላይ ይተኛል። እኛስ የተያያዘ ከሰል የት ነው የምናስቀምጠው? እዚያው ወለሉ ላይ፣ ቄጠማው መሐል! አልበቃ ብሎ ዕጣን ይጨሳል። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም። ያ የከረፋ ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረበት፣ ሰው እንዲነቃ ነው። በ1929 ዓ.ም.፣ ግራዚያኒ አዲስ አበባን ካስፈጀ ወር ሳይሞላ፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ኒው ለንደን በምትባል ቦታ ሽታ የሌለው ጋዝ ትምህርት ቤት ሥር ተጠራቅሞ ፈነዳና 300 ያህል ሰው ጨረሰ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ቴክሳሶች ጋዝ ይሽተት ብለው ሕግ ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ነፍስ ያስከፈለ ሽታ ምራቴ በዕጣን ትሸፍነዋለች። ስናገር «አባባ፣ ያለ ዕጣን ምን ቡና አለ?» ትላለች። እውነቷን ነው፤ የሚያበግነኝም እሱ ነው።

ባለፈው ሰሞን ማታ ሸተተኝ። የልጅ ልጄ ምን እንደሆነ ላይ ብሎ እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ። «እንዳትነካ!» ብዬ ስጮህ ጎረቤት ሌባ የገባ መስሎት ወጣ። የማብሪያዋ ብልጭታ እኮ ትበቃዋለች። በጨለማ ዳብሼ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዘጋሁ፣ በርና መስኮቱን አስበረገድሁ። ዕድሜ ልኬን «መስኮት ዝጉ፣ ነፋስ ይመታኛል» ስል የኖርሁ ሰው በራሴ ትእዛዝ የጮቄን ብርድ ቤቴ አስገባሁት። ሌሊቱን ሳስል ባለቤቴ አዘነችና ፍም የሞላ ምድጃ አምጥታ አልጋዬ ሥር ልታኖርልኝ! በሩንም ዘጋች። ሴትዮ፣ ጋዙ እኮ ቢያንስ ይሸታል፤ ከሰል የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለው፣ አስተኝቶ ነው የሚወስድ። ምድጃው ውጭ አደረ፤ እሷም አኩርፋኝ አደረች።

በነጋታው ወሰንሁ፤ ሲሊንደሩ ከቤት ይውጣ፣ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ውጭ ጥላ ሥር ይቁም። «ሌባ ይወስደዋል» ተባለ። በያጅ ጠርቼ ከሥሩ አየር የሚያሳልፍ የብረት ሳጥን አሠራሁና ቆለፍሁበት። ማታ ማታ ቫልቩ ተዘግቶ ይደር ብዬ ቁልፉን በኪሴ ያዝሁ። አሁን እኔ ካልከፈትሁ ወጥ አይሠራም። ትናንት ማኅበር ላይ ተቀምጬ ጠላው ሊደርሰኝ ሲል ስልኬ ጮኸ። «ሽሮው ሊጣድ ነው፣ ቁልፉን ይዘው ይምጡ።»