ሰባት ቤትና አምስት መቶ ፕላስ

በጋይንትና በአካባቢው እንግዳ ከደጅ ሲደርስ ይዞት የመጣው ነገር ቀድሞ አይጠየቅም። ነፋስ መውጫ ይሁን አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳ ትሁን የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። አባትህን ትጠራለህ፤ አያትህን ይጠይቁሃል። አያትህን ስትጠራ የእናትህን ወገን ያስከትላሉ። እስከዚያ ድረስ እንዝርታቸውን ሲያሾሩ የቆዩት እማማ ቀና ይሉና «ምነው ታዲያ፣ ዘመድ አይደል እንዴ! በእናቱ በኩል አራተኛ ቤት እኮ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ጠላ ይቀዳል። በሬም ይሁን ማር፣ ዋጋ የሚነሳው ከዚያ ወዲያ ነው።

እኒህ እማማ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ግድ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ካለ ጋብቻ የለም። ስለዚህ የማን ዘር ከማን እንደሚገናኝ ማወቅ ለሳቸው የቡና ላይ ወሬ ብቻ ሳይሆን ሥራም ነው። ሊንክድኢን የሚባለው የባለሙያዎች ማኅበራዊ መረብ ግን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ ይደክመዋል። ከሦስተኛ ወዲያ ያለው ሁሉ ለሱ ባዳ ነው። የወዳጆችህ ቁጥር ከ500 ሲያልፍም ለተመልካች «500+» ብሎ ይጽፍና ይገላገላል።

መረቡ ሥራ የጀመረው በሚያዝያ 1995 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ነው። ሰኔ 2008 ዓ.ም. ላይ ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው መሆኑን አስታወቀ፤ ዛሬ አባላቱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ናቸው። ሠራተኛ ሥራ ይፈልግበታል፣ አሠሪ ሠራተኛ ይፈልግበታል፣ ሻጭ ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋቸዋል። ለሻጭ ተብሎ የተሠራ፣ ገንዘብ የሚከፈልበት «ሴልስ ናቪጌተር» የሚባል መሣሪያም አለው። የድርጅቱን ስፋት፣ ከተማውንና የሥራ መደቡን ስትነግረው ሊገዙህ ይችላሉ ያላቸውን ሰዎች እየዘረዘረ ያወጣልሃል። እነዚህ ሰዎች በሙያው ቋንቋ «ሊድ» ይባላሉ። ሊዶቹ ሊድ መሆናቸውን አያውቁም።

አዲስ አበባ ያሉ የአገሬ ልጆች ይህን ነገር ወደውታል። መውደዳቸው አይከፋም፤ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ የማይፈልግ የለም። እኔን የሚደንቀኝ፣ ያንን ሁሉ «የማን ልጅ ነህ» እየሰሙ አድገው፣ ቦሌ አንድ ክፍል ቢሮ በተከራዩ በዓመታቸው ሰላምታ መርሳታቸው ነው።

የአንዱን ፕሮፋይል ክፈቱት። ፋውንደር፣ ሲኢኦ፣ ስትራቴጂስት፣ ሜንተር፣ ፐብሊክ ስፒከር ይላል። የድርጅቱ ሠራተኛ አንድ ነው፤ ያም ራሱ ነው። ሲኢኦው ጠዋት ቢሮውን ይጠርጋል፣ ስትራቴጂስቱ ቀን ዕቃ ያደርሳል፣ ፋውንደሩ ማታ ስለ ኪራይ ሲያስብ እንቅልፍ ያጣል። በዚህስ አልስቅም፤ ማንም ከአንድ ነው የሚጀምረው። ፎቶው ነው የሚያስቀኝ። የተውሶ ኮት ለብሶ፣ ክንዱን አጣጥፎ፣ በሰው ሕንጻ ደጃፍ ቆሞ አሻግሮ ያያል። ወዴት እንደሚያይ አይታወቅም።

ይኸው ልጅ የወዳጅነት ጥያቄ ይልክልሃል። «ተቀበል» የሚለውን ነካህ። ጣትህ ከስልኩ ሳይነሳ መልእክት ይገባል። «ውድ አቶ እገሌ፣ ይህ መልእክት በመልካም ጤንነት እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። በሥራዎ እጅግ ተደንቄአለሁ።» የትኛው ሥራዬ? አይነግርህም። ከሥሩ የዋጋ ዝርዝር ይከተላል፤ ከዝርዝሩ ሥር የስብሰባ ቀጠሮ። ዝም ስትለው በሦስተኛው ቀን «ምናልባት መልእክቴ ከሌሎች ሥር ተቀብሮብዎ ይሆናል» ይልሃል። በሳምንቱ «የመጨረሻ መልእክቴ ነው» ይልሃል። በሁለተኛው ሳምንት ይመለሳል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብለው የተረቱት ሰዎች ሊንክድኢንን አላዩትም፤ ልጁን ግን ያውቁታል።

ለአንድ ጡረተኛ አስተማሪ የመጋዘን ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ያቀረበ ሻጭ አይቻለሁ። ጋሼ መጋዘን የላቸውም፤ ያላቸው አንድ ሳጥን መጽሐፍ ነው። አካውንቱንም የከፈተላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። እንደ ወጋቸው በትሕትና «ልጄ፣ ሰው ተሳስተሃል» ብለው ጻፉለት። መልሱ በደቂቃ ውስጥ ደረሰ፦ «ስለ ፍላጎትዎ እናመሰግናለን፤ ባልደረባችን በቅርቡ ይደውልልዎታል።» ባልደረባ እንደሌለው ከላይ ተነጋግረናል።

ደግሞ እርስ በርስ ነው የሚሸጣሸጡት። የአንዱን ልጅ የወዳጅ ዝርዝር አብረን ተቀምጠን ብንመለከተው ማተሚያ ቤት፣ ሶላር ሻጭ፣ ኢንሹራንስ ሻጭ፣ ሥልጠና ሻጭ፣ «እንዴት መሸጥ እንደሚቻል» የሚያስተምር ኮርስ ሻጭ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም አንዱ ሌላውን ሊድ ብሎ መዝግቦታል። ሁሉም በዓመቱ መጨረሻ ሌላው ያልገዛበትን ምክንያት ያጠናል።

አንድ የማውቀው የእስቴ ልጅ አለ፤ ለመስኖ የሚሆን የውሃ ፓምፕ ይሸጣል። የአንድ ትልቅ ድርጅት ግዥ ኃላፊ ላይ ዐይኑን ጣለና ለወራት ተከታተላቸው። የለጠፉትን ሁሉ «ድንቅ ዕይታ!» አለ። የልደት ቀናቸውን ከሚስታቸው ቀድሞ አስታወሰ። አንድ ቀን ሰውዬው ስለ አንድ ባልደረባቸው ዕረፍት የሐዘን መግለጫ ለጠፉ። ልጁ ሳያነብ፣ በለመደ ጣቱ፣ የጭብጨባውን ምልክት ነካ። ከዚያ ወዲህ ዝምታቸው ጸና።

በዚያው ሰሞን የጎረቤቱ እናት ሞተው ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠመ ሳለ ከጎኑ የተቀመጡት ሰው «ከወዴት ነህ ልጄ?» አሉት።

«ከእስቴ ነኝ።»

«እስቴ የት?»

«ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ነው።»

«የማን ልጅ?»

ነገሩ እንደምታውቁት ቀጠለ። አባት፣ አያት፣ የእናት ወገን። ሦስተኛ ቤት ላይ ተገናኙ። ሰውዬው እኒያው የግዥ ኃላፊ ነበሩ። ፎቷቸው የወጣትነት ስለነበር ልጁ አላወቃቸውም፤ እሳቸውም ያንን ክንዱን አጣጥፎ የቆመ ሲኢኦ ከዚህ ንፍሮ ቆርጣሚ ጋር ማገናኘት አልቻሉም። (የዘመድ ሥራ ነው እንዳትሉብኝ፤ ዘመድ ነህ ብለው ውል አልሰጡትም። ጨረታው መቼ እንደሚወጣና ሁልጊዜ ከሰነዱ የሚጎድለው ነገር ምን እንደሆነ ነገሩት። ይህን ለጠየቀ ሁሉ ይናገራሉ፤ እሱ ግን በነዚያ ሁሉ ወራት አንድም ቀን ጠይቋቸው አያውቅም፤ ሲያደንቃቸው ነበር የከረመው።) ተወዳደረ፤ አሸነፈ።

በሳምንቱ ሊንክድኢን ላይ ረጅም ጽሑፍ ወጣ። ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ለብቻው መስመር ተሰጥቶታል። «ብዙዎች ተስፋ ቁረጥ አሉኝ። አልቆረጥኩም። ለወራት ተከታተልኩ። ዛሬ ውሉ ተፈረመ። ዲጂታል ኔትወርኪንግ ይሠራል።» ስለ ድንኳኑ አንድ ቃል የለም። ሟቿም አልተመሰገኑም። ከሥሩ «ኢንስፓየሪንግ!» እያለ ሰው ተሰለፈ፤ ከተሰለፉት መካከል ሌሎች ፓምፕ ሻጮች ነበሩበት።

ምሁራኑ እንዲህ ያለውን ትውውቅ አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ፣ ሰው አዲስ ሥራ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በቅርብ ወዳጁ በኩል ሳይሆን አልፎ አልፎ በሚያገኘው ሰው በኩል ነው ብሎ ጻፈ። የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህና። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ፣ 20 ሚሊዮን የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ያካተተ ጥናት ነገሩን አጠራው፤ ይበልጥ የሚጠቅመው የቅርቡም ሳይሆን የሩቁም ሳይሆን መካከለኛው ትውውቅ ነው አለ። እንግዲህ ይህ የአገር ልጅ አይደለም ወይ? ወንድምህ አይደለም፣ ባዳም አይደለም፤ በዓመት አንዴ ክርስትና ወይም ለቅሶ ላይ ታየዋለህ። እማማ ይህን ሁሉ ያለ 20 ሚሊዮን ሰው ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ ምስክርነቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ፕሮፋይሉ ላይ ሰው ለሰው ችሎታ የሚመሰክርበት ቦታ አለ። ለአንዱ «በድርድር የተካነ» ተብሎ ከ99 በላይ ሰው መስክሮለታል። ከመስካሪዎቹ አብዛኛው ሲደራደር አላየውም፤ ጥቂቶቹ በአካልም አይተውት አያውቁም። አንተ ለእኔ ሊደርሺፕ መስክርልኝ፣ እኔ ለአንተ ኤክሰል እመሰክርልሃለሁ ነው ነገሩ። ይህን የሚያደርገው የሌላ አገር ሰው ቢሆን ባልተናገርኩ። የጋይንት ልጅ ሲያደርገው ነው ጉዱ፤ ቤተልሔም ያለችው ጋይንት ነውና።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ ሰው፣ ጎጃም ይማር ወሎ፣ የድጓ መምህር ነኝ ለማለት ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። የቆሎ ተማሪ ሆኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነና ከውሻ ጋር እየታገለ ዓመታት የፈጀበትን ዜማ እንደገና ከመምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ያሰማል። የሚያውቀውን ሁሉ እንደማያውቅ ሆኖ ይታረማል። አንዲት የዜማ ምልክት ስትዛነፍበት ይመለሳል። ዝማሬና መዋሥዕት ለተባሉት የዜማ ትምህርቶች ደግሞ የምስክሩ ቦታ ዙር አምባ ነው፤ ያም ቢሆን እዚያው በጌምድር ነው። መምህሩ የሚመሰክሩለት በጆሯቸው የሰሙትን ብቻ ነው። «ጎበዝ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» ብሎ ነገር እዚያ የለም። ከነዚህ ቦታዎች አፈር የበቀለ ልጅ ነው እንግዲህ ከ99 በላይ ሰው ለማያውቀው ችሎታው ሲመሰክርለት «በጣም አመሰግናለሁ፣ ክብር ይሰማኛል» ብሎ የሚጽፈው።

ሊድ መፈለግ ራሱም ለኛ አዲስ አይደለም፤ ደላላ ነው የኛ አሮጌ ሊድ ፈላጊ። አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያለውን ደላላ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከመምራታቸው በፊት አጥንተውት ነበር። ደላላ ያለ ሥራው የሚበላ ጥገኛ ነው ይባል የነበረውን ጥናታቸው አልደገፈም፤ ሩቅ ያለ ነጋዴ የማያውቀውን ገዥ ሲፈልግ ሊያጠፋው የነበረውን ጊዜና ወጪ ደላላው እንደሚቆጥብለት አሳዩ። የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ ገዥውን ሳያየው ጭነቱን ደላላው ዘንድ ይልካል። የሚልከው ያ ደላላ ስሙ ስላለው ነው። ደላላን ጻድቅ ላደርገው አልፈለግሁም፤ ሲዋሽ ይውላል። ግን ነጋዴን አንዴ ከካደ ማታውን በረንዳው ሁሉ ይሰማል፤ በማግስቱ ጭነት የሚልክለት የለም። ሊንክድኢን ላይ የዋሸ ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ነው የሚባለው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ፤ አንተ ክንድህን ያጣጠፍከው፣ ለአንተ ነው። ባለፈው «አስተማማኝ የደጋ ድንችና የብቅል ገብስ አቅራቢ እንፈልጋለን፤ ኢንቦክስ አድርጉ» ብለህ ለጥፈህ አይቻለሁ። የኛው ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ከሥሩ ድንችና ገብስ ሞልቷል። ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት ከወረታ ወልድያ የሚወስደው መንገድም በነፋስ መውጫ መሐል ያልፋል። ድንቹን የሚያመርቱት ሰዎች ግን ኢንቦክስ የላቸውም። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ መቋረጡ ለወራት ቆየ፤ ብዙዎቹ ግን ቀድሞም አልነበራቸውም፤ ያላቸው ቁልፍ ያለው ስልክ ነው። አጎትህም አንድ አላቸው። ሰሞኑን ደጋግመው ደውለውልህ፣ አንተ ሊድ ስለማግኘት የሚሰጥ የኦንላይን ሥልጠና ላይ ስለነበርክ አላነሳህም። የደወሉት ገንዘብ ሊጠይቁህ አይደለም፤ ድንች የሚወስድ ሰው አዲስ አበባ ታውቅ እንደሆነ ሊጠይቁህ ነው። የተቆፈረ ድንች ብዙ አይጠብቅም፤ ዛሬ ማታ ሲደውሉ አንሳላቸው። አንስተህም ኪሎው ስንት ነው ለማለት አትቸኩል፤ መጀመሪያ ላሟ ወልዳ እንደሆነ ጠይቃቸው።